ዐሥራ አንደኛዋ

ከግንቡ ቅጥር ሥር፣ ቪስቢ ከተማ ላይ፣
ሳንቲም እሸጣለሁ፣ ላይገዛበት ለሚያይ።

በመጋቢት ማለዳ፣ ባሕሩ እንዳኮረፈ፣
የበሩ ደወል ጮኸ፣ ብርድ ቀድሟት አለፈ፤
ራግንሂልድ ገባች፣ ሣጥን ታቅፋ እንደ ሕፃን፣
ባሏ ከተቀበረ ገና ሳምንቱ ሊሆን።

«የቦትቪድ ነው» አለች፣ «የሃያ ዓመት ልፋት፤
እኔ ቤቱ ያፈሳል ስል፣ እሱ ይህን ሲሸምት።»

ከፈትኩት ሣጥኑን። ሰማያዊ ከፋይ፣
ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ ልክ እንደ ገበጣ ላይ።
አንዱ ላይ መጥረቢያ፣ አንዱ ላይ ቁራ ሁለት፣
አንዱ ላይ የጥንት ፊደል የተቀረጸበት ሐውልት፣
አንዱ ላይ ጢማም ቫይኪንግ፣ የራስ ቁሩ ቀንዳም፣
(ቀንድ እንኳ አልነበራቸው፤ ገዢ ግን ያለ ቀንድ አይስማማም።)
ሁሉም በፕላስቲክ ውስጥ፣ ጣት እንዳይነካቸው፣
ከነምስክር ወረቀት፣ ከነቁጥራቸው።

ዐሥራ አንደኛዋ ግን… ባዶ። ጉድጓዷ አለች፣
የከፋዩ ክብ አለ፤ ሳንቲሟ የት ገባች?

«መርከቧ ናት» አልኳት፣ ካታሎግ ገልጬ፤
«ያለሷ በግማሽ ነው፣ እሱንም አብልጬ።»

ቦትቪድን አውቀዋለሁ፤ ወደብ ላይ ገመድ ሲያስር፣
ሱቄ ሲገባ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ስለ ብር።
አንዷን እንኳ ከልባሷ ሲያወጣት አላየሁም፤
ትንፋሹ እንዳያጠቁራት የሚፈራ ይመስለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አላሾፍኩም።

ራግንሂልድ ዝም አለች። ጓንቷን አወለቀች።
በጣቷ ዳሰሰች ባዶዋን ጉድጓድ፣
ምላስ ጥርስ የወለቀበትን ቦታ እንደሚለምድ።
«እንግዲህ ይቀመጥ» ብላ ትታው ወጣች።

እዚህ ደሴት ገበሬ፣ ድንች ሊተክል ሲቆፍር፣
ከባግዳድ የመጣ ይወጣል የጥንት ብር፤
የተጣመመ፣ የተነከሰ፣ ለሁለት የተቆረጠ፣
ጎኑ በቢላ ጫፍ ሦስቴ የተላጠ።
ያ ሕዝብ በብር ላይ ማን ነገሠ አይልም፣
ሚዛን ነው የሚያምን፤ መልክ አያታልለውም፤
ቢበዛ ይቆርጠዋል፣ ቢያንስ ይጨምርበታል፣
ሲጠራጠር ደግሞ በጥርሱ ይነክሰዋል።
የኛም አገር ነጋዴ፣ ያኔ፣ ጠገራ ሲሰጡት፣
የሴትዮዋን ጌጥ ነጥብ ቆጥሮ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎት፣
ጩኸቱን አዳምጦ ነው ከኮሮጆው የሚከት።

እነዚህን ማን ነከሰ? ማን ጣላቸው ከድንጋይ?
ዳቦ አልገዙ፣ ዕዳ አልከፈሉ፣ አልዋሉ ገበያ ላይ፤
የዘራፊ መታሰቢያ፣ ራሱ ያልተዘረፈ፣
በፕላስቲክ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜው እንዲሁ ያለፈ።

ሰኔ ላይ መጣች ዳግም፤ ጉንጯ በፀሐይ ቀልቶ፣
እጇ የጀልባ ቀለም፣ ጥፍሯ ሬንጅ ነክቶ።
«ጀልባዋን ልሸጥ ብዬ፣ ምሰሶዋን ስንነቅል፣
ከሥሩ፣ ከእንጨቱ አፍ፣ አንድ ነገር ብልጭ ሲል…
መርከቧ! ፕላስቲክ የላት፣ ዝናብ አጥቁሯታል፣
ጨው በልቷታል፣ ሸራዋንም እንጨቱ ተጭኖ አጥፍቶታል።»

ጥንት መርከብ የሚሠሩ፣ ያደርጉ ነበር አሉ፤
ከምሰሶው ሥር ሳንቲም፣ ለባሕር እጅ መንሻ ይጥላሉ።
ቦትቪድ ይህን ነገር ሳይናገር ኖረ፤
ከሃያ ዓመት ክምችት፣ አንዷን ብቻ መነዘረ።

«ይዘሻታል?» አልኳት፣ እጄን ዘረጋሁ፤
ሣጥኑ ሊሞላ ነው፣ ዋጋው ሊወጣ ነው ብዬ ጓጓሁ።

ሳቀች። «መለስናት'ኮ። ምሰሶውንም ተከልን።
ጀልባዋም አትሸጥም። ትናንት ደህና ነፋስ ነበረ፤ እስከ ፋሮ ዞርን።»

ሣጥኑ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ መስኮቱ ሥር፣ ከነጎዶሎው።
ገዢ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቺስ? የቀረችው?» ሲለኝ፣
«ሥራ ላይ ናት» እለዋለሁ።